ደሴ ላይ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት አግኝቷል። "ቀለም ቀብቼ፣ ሴራሚክ አንጥፌ ብሸጠው ስንት አተርፋለሁ?" ይለኛል። እኔ ዋጋውን እንኳ አልጠየቅኩትም። "አሁን ግንቦት አይደል? አብሽር፣ እስከ መስከረም ጣሪያውን እንዳትነካ" አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

አልቀለድኩም። እኔ የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል። "ቶሎ ቀይሬ ልገላገል" ብዬ ገለጥኩት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ሸራ ብንወጥርበትም ንፋሱ ገልብጦ ጣለው። በማግስቱ ስመጣ የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ሟሙቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ገጦ ቀርቷል። ከዚያ እስከ መስከረም መጨረሻ እጄን አጣምሬ ወለድ ከፈልኩ። ቤቱን በመጨረሻ ሸጥኩት። ብሩን ቆጥሬ ስጨርስ ግን የታክሲዬን እንኳ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የምቆጥረው በቀን ነው። ሲሚንቶ ቢወደድ አንዴ ይጎዳችኋል። ቀን ግን በየማለዳው ይጎዳል፦ ወለዱ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የታሰረ ብራችሁ አለ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቀን ስለመቆጠብ ነው።

1. ከገዢው ጀምሩ

ጀማሪ ቤት አይቶ ይወዳል፣ ከዚያ ገዢ ይፈልጋል። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ "ታድሶ ሲያልቅ ይህን ቤት ማን ይገዛዋል?" በሉ።

ደሴ ላይ እኔን የሚያጋጥመኝ ገዢ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛዋ ልጇ አረብ አገር ሆና ብር የምትልክላት እናት ናት። ገዢዋ እናት ብትመስልም ቤቱን የምትመርጠው ልጅቱ ናት፤ በኢሞ። እናት ስልኩን ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፣ ልጅቱ ከጅዳ "እማ ሽንት ቤቱን አሳይኝ፣ እስቲ ውሃውን ክፈችው" ትላለች። ሁለተኛው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ብሩ ልክ አለው፣ የሚፈልገውም ዛሬ ገብቶ የሚያድርበትን ቤት ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው። እሱ ሳሎኑን አያይም። ጓሮው ስንት ሰርቪስ ያወጣል፣ በወር ስንት ያከራያል ብሎ ነው የሚያሰላው።

ለሦስቱም የሚሆን አንድ እድሳት የለም። መምህር ለሚገዛው ቤት የጂብሰም ኮርኒስ ብታሠሩ ብራችሁን ጣሪያ ላይ ሰቀላችሁት ማለት ነው።

ከተማውም ይለያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትጠብቃችኋለች። ደሴ ላይ ገዢ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ እርጥበት ይፈትሻል። ኮምቦልቻ ላይ ቀና ብሎ ኮርኒስ መኖሩን ያያል። እኩለ ቀን ላይ ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነውና።

ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ያዙ። ደላላ የሚነግራችሁ ባለቤቱ የተመኘውን ነው። እኔ እውነቱን የማገኘው ከቅሬ ነው (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን)። የሰፈሩ ሰው ማን በስንት ሸጦ እንደወጣ ያውቃል። በዚያው ሰፈር፣ በተቀራራቢ ካሬ፣ መኪና በሚገባበት ወይም በማይገባበት ተመሳሳይ መንገድ ላይ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተሸጡ ሦስት ቤቶች ፈልጉ። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ዋጋ ውሰዱ። አዎ፣ ዝቅተኛውን።

2. ሒሳቡን ከመሸጫው ወደ መግዣው ሥሩ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ተኩአቸው።

ታድሶ 3,200,000 ብር ይሸጣል እንበል። ለሽያጭ ደላላ 2 በመቶ ብትሰጡ 64,000 ይወጣል። እድሳቱ 600,000። ለማይታወቅ ነገር የእድሳቱን 20 በመቶ፣ 120,000 ያዙ። ጭቃ ቤት ከሆነ 20 አይበዛም፤ ግድግዳ ሲፈርስ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ስትገዙ ለደላላ 36,000፣ ለስም ማዛወሪያና ለቴምብር 100,000 እንበል። 800,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ብትበደሩ የስድስት ወር ወለዱ 72,000 ነው። ዘበኛና መብራት ሲጨመርበት 108,000 ይሆናል።

ይህ ሁሉ 1,028,000 ብር ነው። ከመሸጫው ስትቀንሱት 2,172,000 ይቀራል። ቤቱን በዚህ ዋጋ ከገዛችሁ ስድስት ወር በነፃ ሠራችሁ። በ1,800,000 ከገዛችሁ ከግብር በፊት 372,000 ይተርፋችኋል።

አሁን ያቺን 108,000 ለ180 ቀን አካፍሏት። በቀን 600 ብር። አናጢው "ነገ እመጣለሁ" ብሎ በቀረ ቁጥር ከኪሳችሁ 600 ብር ወጣ ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ።

ግብሩንም አሁኑኑ አስገቡት። በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሕንፃ ሲሸጥ በተገኘው ጥቅም ላይ የተጣለው 15 በመቶ ነው። ክልሉ የራሱ ሕግና አሠራር ስላለው ከመግዛታችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ ስሌቱን ጠይቁ። ራሱ ለሚኖርበት ሰው የተሰጠን ነፃ መብት ግን ለራሳችሁ አትቁጠሩ፤ እናንተ ልትኖሩበት አልገዛችሁትም። በእኛ ምሳሌ ወጪያችሁ ሁሉ በደረሰኝ ተረጋግጦ ቢያዝላችሁ 15 በመቶው 55,800 ነው። ደረሰኝ ከሌላችሁና የመግዣው ዋጋ ብቻ ከተያዘ ግን ከ1,400,000 ላይ ይሰላና 210,000 ይሆናል። ልዩነቱ 154,200 ብር ነው። "ያለ ደረሰኝ ትንሽ ልቀንስልህ" የሚላችሁን ባለ ሱቅ በዚህ ዓይን እዩት።

ደረሰኝ የሌለው ሰው እጅ 162,000 ይቀራል። ቤቱ ሌላ ስድስት ወር ሳይሸጥ ቢቆይ ደግሞ ከዚያ ላይ 108,000 ይሄዳል። 54,000 ይዞ ይወጣል።

3. ብሩ ከየት ይምጣ?

ለመጀመሪያ ቤት ብዙ ብድር አልመክርም። ከመግዣው ቢያንስ ግማሹ የራሳችሁ ይሁን። ሲሳሳት የሚያመው የራስ ብር ነው፣ ግን በየቀኑ አይወልድም።

ባንክ ብትሄዱ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። አንደኛው ዋስትና ነው። ጭቃ ቤት ባንክ ፊት ብዙ ዋጋ የለውም፤ የባንኩ ኢንጂነር መጥቶ ሲገምተው ቅስም የሚሰብር ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚበደረው በሌላ ቤት ወይም በመኪና ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ አሳደገው። እንዲህ ባለ ጊዜ "ተፈቅዶልሃል" ማለትና ብሩ አካውንት ውስጥ መግባት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። ብድሩ ሳይለቀቅ ቀብድ አትክፈሉ።

ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ ወሎ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፤ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር የሚባል መስኮት አለው። ለእድሳት የሚቀርበው መንገድ ሙራባሃ ነው። ብር አይሰጧችሁም። ባንኩ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ቀስ በቀስ በሚከፈል ዋጋ ለእናንተ ይሸጣል። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለሚቆረጥ ሒሳብ ለመሥራት ይመቻል። ችግሩ የእጅ ዋጋ አይሸፍንም፤ ለግንበኛው የሚከፈለውን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ።

እዚህ ላይ እቁብ ይገባል። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 10,000 ቢጥል የሚደርሳችሁ 200,000 ነው። ወለድ የለውም፣ ፎርም የለውም። ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ አታውቁም። ስለዚህ እቁብን ለመግዣ አትቁጠሩት። ዳኛውን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩና ጥቅምት ላይ እንዲሰጧችሁ ተስማሙ፤ ወይም ዕጣ የደረሰውን ሰው ቅያሪ ለምኑት። ዋስ ማዘጋጀት አትርሱ።

ሽርክና ጥሩ ነው፣ በተለይ አንዱ ብር ሌላው ጊዜ ካለው። ከወንድም ጋር ቢሆንም ጻፉት። ማን ስንት አዋጣ፣ ማን በየቀኑ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ቤቱ በማን ስም ይሆናል፣ ከስድስት ወር በኋላ ካልተሸጠ በስንት ዝቅ ብሎ ይሸጣል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይዘላታል። ወንድማማች ያጣላችም እሷ ናት።

ሻጩንም ጠይቁት። ግማሹን ውል ሲፈረም፣ ግማሹን ስም ሲዛወር ለመቀበል የሚስማማ አይጠፋም። አራጣ ግን አትንኩ። ወንጀል መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በወር የሚቆጠር ወለድ ይዞ የደሴን ክረምት የሚሻገር ቤት የለም።

ብሩ ሲሟላ ሦስት ቦታ ለያይታችሁ አስቀምጡት፦ የመግዣ፣ የእድሳት፣ የመጠባበቂያ። ቢቻል በሦስት አካውንት። ብሩ አንድ ላይ ከሆነ ሴራሚክ ሲመረጥ መጠባበቂያው ያልቃል።

4. ወረቀቱ

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ የምትገዙት ቤቱን ነው። መሬቱን የምትይዙት በወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከግድግዳው ይበልጣል።

መጀመሪያ ካርታውን ከነፋይሉ ማዘጋጃ ቤት ወይም ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ አመሳክሩ። ፎቶ ኮፒ ይዞ የመጣ ደላላ በቂ አይደለም። ስሙ የሻጩ ነው? ካሬው ስንት ይላል? ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩት። የጎረቤት አጥር ሁለት ሜትር ገብቶ ብታገኙ ጠቡን ከቤቱ ጋር ነው የምትገዙት። በ2014 ጦርነቱ በዚህ አካባቢ አልፏል። "ሰነዱ ያኔ ጠፋ" ከተባላችሁ ሻጩ ምትኩን እስኪያወጣ ጠብቁ፤ እስከዚያ አንድ ብር አትስጡ።

ቤቱ የማን እንደነበር ወደ ኋላ ጠይቁ። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው የመንግሥት ሆነዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ዛሬም የቀበሌ ቤት ናቸው። ተከራዩ ሃምሳ ዓመት ስለኖረበት የሱ አይሆንም፣ ሊሸጥላችሁም አይችልም።

የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹን ሁሉ ቁጠሩ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ ደግሞ "እሱ ምንም አይልም" የተባለ ይኖራል። ያ "ምንም አይልም" የተባለው ነው የሚከሳችሁ። ውክልና ካሳዩአችሁ "መሸጥ" የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን እዩ፤ አለመሻሩንም አጣሩ። ባለትዳር ከሸጠ ባልም ሚስትም ይፈርሙ።

ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። መንገድ ይነካው እንደሆነም ፕላን ክፍል ገብታችሁ እዩ። ከተሞቻችን የኮሪደር ልማት በተያያዙበት በዚህ ጊዜ፣ ዋና መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ቤት "በጣም ርካሽ" ከሆነ ምክንያት አለው። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ የሊዝ አዋጅ 721/2004ን አስታውሱ። ቤቱ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ምን ያህል እንደሚከፈል ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ፤ እናንተ ስትሸጡም ገዢው ይጠይቃችኋልና።

ውሉ የመንደር ውል እንዳይሆን። ሦስት ምስክር፣ አንድ ጸሐፊ፣ ቡና ተፈልቶ መፈረም ደስ ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ይላል። ቀብድም ቀልድ አይደለም። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል።

ተከራይ ካለ ቤቱን ባዶ የማስረከቡን ኃላፊነት በሻጩ ላይ አድርጉና ቀን ጻፉ። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ያዛል። "ነገ አስወጣልሃለሁ" የሚባል ነገር የለም።

5. ካራ ይዛችሁ ሂዱ

ቤት ለማየት ስሄድ ትንሽ ካራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና አሮጌ ጋዜጣ እይዛለሁ። ሻጮች ካራውን ሲያዩ ይደነግጣሉ።

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ግድግዳው ወለሉን ከሚነካበት ቦታ ላይ ልስኑን በትንሹ አንሱና ቋሚውን እንጨት በካራ ውጉት። ጤነኛ ባሕር ዛፍ ካራውን ይመልሰዋል። የበሰበሰ ከሆነ እንደ ድንች ያስገባዋል፤ ስታወጡት ጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ይቀራል፣ ሽታውም የእርጥብ ጓዳ ነው። ደሴ ላይ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ወደ ቆላው ስትወርዱ ምስጥ ይጨመራል። አራቱንም ማዕዘን ውጉ፣ በተለይ ሽንት ቤቱና የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ጎን። የበሰበሱትን ቁጠሩና ጻፉ። ዋጋ የምትከራከሩት በነሱ ነው፦ "ጋሼ፣ ቀለሙ አስቀያሚ ነው" ብትሉ ማንም አይቀንስላችሁም። "ጋሼ፣ ሰባት ቋሚ በስብሷል፣ ይኸው ካራው" ብትሉ ግን ይቀንሳሉ።

ስንጥቅ ካለ ጋዜጣውን ቀድዳችሁ በስንጥቁ ላይ አጣብቁት፤ ቀኑን ጻፉበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ወረቀቱ ከተቀደደ ቤቱ እየሄደ ነው። ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቀለም አይፈውሰውም። ከጦሳ ተራራ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ያለ ቦታ ከሆነ ከቤቱ በላይ ያለውን ግቢም እዩ። የላይኛው ጎረቤት ውሃ ወዴት ይሄዳል? ደሴ መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ ናት። የድጋፍ ግንብ የሚያስፈልገው ግቢ የአንድ ጀማሪን ትርፍ ሙሉ ለሙሉ ይውጣል። በ1953 ካራ ቆሬንና ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሩቅ አልነበረም። ስለዚህ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ፎቅ ለመጨመር አታስቡ።

ጣሪያውን ለማየት በርና መስኮቱን ዘግታችሁ ቀና በሉ። ኮከብ ካያችሁ ቆርቆሮው አልቋል።

መብራቱን ቆጣሪው ጋ እዩ። ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ምጣድ የሚሰኩ ቤቶች አይቻለሁ። ለምጣድ ለብቻው ወፍራም መስመር ሊዘረጋ ይገባል። የውሃና የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ውዝፍ እንዳለበት ጠይቁ። ሽንት ቤቱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይገባል ወይ? የማይገባ ከሆነ ገዢያችሁም ይህን ይጠይቃል።

6. መቼ ይጀመር?

ወሎ ሁለት ዝናብ አላት። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይቆያል። ጭቃና ልስን የሚደርቅበት አስተማማኝ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። አራት ወር ገደማ።

ታዲያ ክረምቱ ለምን ይባክናል? ክረምት ቤት መመርመሪያ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየዘነበ ግቡ፤ የሚያፈሰው ያፈሳል፣ የሚረጥበው ይረጥባል፣ ሻጩ ምንም መደበቅ አይችልም። ነሐሴ ላይ ወረቀቱን ተሯሯጡ፣ የእድሳት ፈቃድ አውጡ። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ያለ ፈቃድ መሥራትን አይፈቅድም፤ ግማሽ ላይ የታሸገ ሥራ ደግሞ በቀን 600 ብሩን መብላቱን አያቆምም። መስከረም ላይ ውል ፈርማችሁ ቁልፍ ተረከቡ። የአጎቴን ልጅ ያዘዝኩት ይህንኑ ነው።

7. ሥራው በዚህ ተራ ይሂድ

ጣሪያው መጀመሪያ፣ ቀለሙ መጨረሻ። መሐል ላይ ያለው ነው የሚያምታታው።

ጣሪያውን ቀይራችሁ አሸንዳ አድርጉ። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁ ቁጥሩ ሲበዛ እየሳሳ እንደሚሄድ አትርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ቀጥሎ ከቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚሄድበት ቦይ። ይህች ቦይ ርካሽ ናት፣ ግን ግማሹን የደሴን እርጥበት ታስወግዳለች።

ከዚያ የበሰበሱትን እግሮች። ጣሪያውን በአጣና ደግፋችሁ፣ ቋሚውን ከበሰበሰበት በላይ ቆርጣችሁ፣ ሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ግንብ ይነሳ። አንድ ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ ሁለት ጎን በአንድ ቀን እንዳትከፍቱ። ጓዳና ሽንት ቤት ግን በብሎኬት ቢሠሩ ይሻላል። በብሎኬት ለሚሠራ ግድግዳ ለአንድ ካሬ 13 ያህል ቁጠሩ።

ሽቦና ቧንቧ ከልስን በፊት ይግባ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ልስን በቀጥታ አይያዝም፤ ወንፊት ሽቦ በሚስማር ተወጥሮ ነው የሚለሰነው። በጭቃ የሚመረገው ከጭድ ጋር ሰንብቶ መቡካት አለበት። ሲሚንቶ ልስንን ሰባት ቀን ውሃ አጠጡ፤ ቀለም ለመቀባት አራት ሳምንት ያህል ታገሡ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ገዢ ሊያይ በመጣበት ቀን ይላጣል። እኔን አጋጥሞኛል።

ሴራሚክ ከካሬው 10 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ። ቀለም አንድ ሊትር ለአንድ ዙር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ስለሚዋዥቅ፣ ሽቦ፣ ሳኒተሪና ሴራሚክ ውል እንደፈረማችሁ ግዙና አስቀምጡ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሲሚንቶን ግን አታከማቹ። የደሴ ጉም ኩንታሉን ድንጋይ ያደርገዋል።

ብዙ ብር የሚገባው ሽንት ቤትና ማድ ቤት ላይ ይሁን። ሮቶ ይሰቀል፤ ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ባዶ ቧንቧ ማንም አይገዛም። የግቢው በር በደንብ ይቀባ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

8. ከባለሙያ ጋር

ጀማሪ ከሆናችሁ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ባለሙያውን በእጅ ዋጋ ቅጠሩ። ይደክማል፣ ግን ደረሰኙ በስማችሁ ይሆናል። የእጅ ዋጋውን በቀን ሳይሆን በሥራ ቁረጡ። ቅድሚያ ከ20 በመቶ አትለፉ። ቀሪውን ሥራው ባለቀ ልክ ክፈሉ። ከጣሪያ ሠሪው 10 በመቶ አስቀሩና አንድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ስጡት። ይኮሳተራል። አትለሳለሱ።

ጠዋት ጠዋት እዚያው ሁኑ። ቡና ይፈላ፤ አቦልና ቶና በቂ ነው፣ በረካውን ከሥራ በኋላ። ለቅሬው ሰብሳቢና ለጎረቤቶችም ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯቸው፤ አሸዋችሁን ማታ የሚጠብቅላችሁ ከዘበኛው ይልቅ ጎረቤት ነው። ጅጌ (ደቦ) ግን አትጥሩ። ሰው ጉልበቱን ለተቸገረ ያዋጣል እንጂ ለሚነገድ ቤት አያዋጣም፤ ብትጠሩም ስማችሁ ነው የሚነሳው።

9. መሸጥ

ልስኑ ሲደርቅ መሸጥ ጀምሩ፤ ቀለሙን አትጠብቁ። ለሁለት ወይም ለሦስት ደላላ ስጡ፣ ዋጋው ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። ሁለት ዓይነት ዋጋ በአንድ ቀን ፒያሳ ላይ ይገናኛል።

ካርታውን፣ የእድሳት ፈቃዱን፣ የውሃና የመብራት ደረሰኙን በአንድ ፋይል አድርጉ። የግድግዳውን እግር ስትሠሩ ያነሳችሁትን ፎቶም አሳዩ። ጅዳ ያለችው ልጅ ከምንም በላይ የምታምነው ያንን ነው፤ የተደበቀውን አሳይታችኋታልና።

በሁለት ወር ውስጥ ቁምነገረኛ ገዢ ካልመጣ ዋጋ ቀንሱ። በቀን 600 እየከፈላችሁ 50,000 ላለመቀነስ ሦስት ወር መጠበቅ፣ 54,000 ከፍሎ 50,000 ማዳን ነው። ይህን ሥራ ከደገማችሁት እንደ ንግድ ስለሚታይ፣ ሁለተኛውን ቤት ከመግዛታችሁ በፊት የግብር ባለሙያ አማክሩ።

ስም ሲዛወር ቀሪው ክፍያ በባንክ ይግባ። በዚያው ቀን ከገዢው ጋር ሁለቱም ቆጣሪ ፊት ቆማችሁ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሁለታችሁም ወረቀት ላይ ፈርሙ፣ ከዚያ ቁልፉን ስጡ። የዘበኛውንም ደመወዝ እዚያው ዝጉ።